የሜሪ ሊቪንግስተን ቤት፦ ባል በሌለበት የተመራ ትዳር (1845–1862)

ዴቪድ ሊቪንግስተን የአፍሪካን አህጉር ከምዕራብ ጠረፍ እስከ ምሥራቅ ጠረፍ አቋርጦ በዲሴምበር 1856 እንግሊዝ አገር ሲገባ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ከተለየ አራት ዓመት ከሰባት ወር አልፎት ነበር። ጉዞው በዘመኑ ጋዜጦች፣ በራሱ መጽሐፍና ከሞተም በኋላ በተጻፉለት የሕይወት ታሪኮች በሰፊው ተተርኳል። በእነዚያው ዓመታት ሚስቱ ሜሪ በማን ቤት ታድር እንደ ነበር፣ ልጆቿንም በምን ገንዘብ ታለብስ እንደ ነበር የጠየቀ ጸሐፊ ግን ጥቂት ነው።

ሜሪን የሚያነሡ ጽሑፎች ባብዛኛው ከሁለት ሥዕሎች አንዱን ይሰጣሉ፤ ወይ ሁሉን በትዕግሥት የምትቀበል የሚስዮናዊ ሚስት፣ ወይ በስተመጨረሻ ሐዘንና መጠጥ ያሸነፋት ደካማ ሴት። ሕይወቷን በቅደም ተከተል ለሚከታተል ሰው ሁለቱም ሥዕሎች አይጸኑም። ሜሪ ድርቅን፣ ወባን፣ በበረሓ መካከል መውለድን ችላ ያለፈች ሴት ናት። ያልቻለችው ነገር ሌላ ነው፤ ባልዋ ሩቅ ሳለ የምታዝበት ማጀት፣ የምታስተምርበት አዳራሽ፣ የኔ የምትለው ደጃፍ ሳይኖራት በሰው ቤት መኖር ነው። የትዳሩ ችግር የባል መራቅ ብቻ አልነበረም። ባልየው ሲርቅ ቤቱም አብሮ መፍረሱ ነበር።

ሜሪ ሞፋት በኤፕሪል 1821 በደቡብ አፍሪካ ግሪኳታውን በሚባለው ስፍራ ተወለደች። አባቷ ሮበርት ሞፋት የለንደን ሚስዮናውያን ማኅበር መልእክተኛ ሆኖ በኩሩማን ጣቢያ ይኖር ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ሴትስዋና ቋንቋ የተረጐመውም እርሱ ነው። እናቷ የዚያ ጣቢያ ባልትና መሪ ነበረች። ሜሪ የባልትናውን ሙያ ከእናቷ፣ ሴትስዋናን ደግሞ ከልጅነት ጓደኞቿ ተማረች፤ ቋንቋውን ከጊዜ በኋላ እንደ ተማረው እንደ ባልዋ ሳይሆን እንደ አገር ልጅ ትናገረው ነበር። ሊቪንግስተን በ1844 ማቦትሳ ላይ አንበሳ ክንዱን ሰብሮት ኩሩማን ሊያገግም በመጣ ጊዜ ተጫጩ፤ በጃንዋሪ 1845 ተጋቡ።

በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ሦስት ጊዜ ቤት ሠርተዋል፤ ማቦትሳ፣ ቾኑዋኔ፣ በመጨረሻም በ1847 ኮሎቤንግ። ማቦትሳን የለቀቁት ሊቪንግስተን ከሥራ ባልደረባው ጋር ስላልተስማማ ነው፤ ቾኑዋኔን ያስለቀቃቸው የውኃ እጦት ነው። የባክዌና ሕዝብ አለቃቸውን ሴቼሌን ተከትለው ወደ ኮሎቤንግ ወንዝ ሲወርዱ ሊቪንግስተን አዲሱን ቤት ለመሥራት ቀድሞ ሄደ፤ ሜሪ ከሕፃናቷ ጋር በተለቀቀው መንደር ቀረች። ሰው በወጣበት ስፍራ አንበሶች ሌሊት ሌሊት በቤቱ ዙሪያ ይመላለሱ ነበር። ባል በሌለበት ቤት የመጠበቅ ልምዷ የተጀመረው እንግዲህ ከታላላቆቹ ጉዞዎች አስቀድሞ ነው።

የመጀመሪያ ልጃቸው ሮበርት በ1846 ከተወለደ በኋላ ባክዌናዎች ሜሪን በስሟ አልጠሯትም። በአገሩ ልማድ እናት በበኵር ልጇ ስም ስለምትጠራ «ማ-ሮበርት» ተባለች፤ የሮበርት እናት ማለት ነው። ሊቪንግስተን በሕዝቡ ዘንድ ሐኪምና መምህር ሲሆን፣ ሜሪ በዚህ ስም እንደ ማንኛዪቱም የመንደሩ እናት ተቈጥራለች።

የኮሎቤንግ ኑሮ በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ነው። የማኅበሩ ደመወዝ ለመላው ቤተሰብ በዓመት 100 ፓውንድ ገደማ ነበር፤ ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ደግሞ በበሬ በሚጐተት ሠረገላ ከሩቅ ይመጣል። ስለዚህ የቤቱ ፍጆታ በቤቱ ይመረት ነበር። ዳቦ የሚጋገረው የምስጥ ኩይሳ ጐን ተፈልፍሎ፣ ውስጡ በእሳት ከጋለ በኋላ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተዘግቶ ነው። ቅቤ በቤት ይናጣል፤ ሻማ በቅርጽ ማውጫ ይፈሳል፤ ሳሙና ከተክል አመድ ተፈልቶ ይሠራል። የልጆቹን ልብስ የምትሰፋው ሜሪ ናት። በዚህ ላይ ስልሳ፣ አንዳንድ ጊዜም ሰማንያ የሚደርሱ የመንደሩን ሕፃናት የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ነበራት። ይህን ሁሉ የምናውቀው በዋናነት ሊቪንግስተን ራሱ ከጻፈው ነው፤ እርሱም አብዛኛውን የቤት ሥራ የሚተርከው በብዙ ቁጥር፣ ሠራን፣ ጋገርን እያለ ነው። አንባቢ በዚያ ብዙ ቁጥር ውስጥ የማን እጅ እንዳለ መለየት አለበት። ግንቡን ያቆመውና ብረቱን የቀጠቀጠው እርሱ ነው፤ ከደጃፉ ወደ ውስጥ ያለው ግን የሜሪ ግዛት ነበር።

ወደ ኮሎቤንግ ከገቡ በኋላ ዝናቡ ለተከታታይ ዓመታት ጠፋ። ወንዙ ደረቀ። የባክዌና ሴቶች ጌጣቸውን እየሸጡ ከጐረቤት ነገዶች እህል ይገዙ ጀመር። በሊቪንግስተን ቤትም አንበጣ፣ አባጨጓሬና ትልልቅ እንቁራሪት ይበላ ነበር፤ ልጆቹ እንቁራሪቱን ወድደውት እንደ ነበር አባታቸው ጽፎአል። በጁን 1849 ሊቪንግስተን ከአዳኙ ዊልያም ኮተን ኦዝዌል ጋር የንጋሚን ሐይቅ ፍለጋ ሲወጣ ሦስተኛው ልጅ ቶማስ ገና የሦስት ወር ሕፃን ነበር። ሜሪ በዚያ ድርቅ መካከል ከሦስቱ ልጆች ጋር እስከ ኦክቶበር ቤቱን ጠበቀች። ሐይቁን በማግኘቱ ሊቪንግስተን ከለንደኑ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር ሽልማት ተቀበለ።

በ1850 ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ወጣ። ሜሪ እርጉዝ ነበረች። ሐይቁ አጠገብ ልጆቹ ወባ ያዛቸውና ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ኮሎቤንግ እንደ ደረሱ የተወለደችው ኤልሳቤጥ ስድስት ሳምንት ያህል ኖራ ሞተች። ሜሪም ከወሊዱ በኋላ ግማሽ ፊቷ ለጊዜው ሽባ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ሊቪንግስተን እንደገና ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሰሜን ለመጓዝ ሲነሣ ሜሪ ዳግመኛ እርጉዝ ነበረች። እናቷ ነገሩን በሰማች ጊዜ አማቷን ክፉኛ የሚወቅስ ደብዳቤ ጻፈች፤ አንድ ልጅ መሞቷ አልበቃ ብሎ እርጉዝን ሴት ከወንዶች ጋር በበረሓ ማንከራተት ምን ይባላል የሚል ነበር። ሊቪንግስተን ደብዳቤውን በማስታወሻው ላይ ገለበጠው፤ ጉዞውን ግን አልተወም።

በዚያ ጉዞ መሪያቸው መንገድ ስቶ ውኃው አለቀ፤ ልጆቹ ለቀናት ተጠሙ። ቾቤ ወንዝ ከደረሱ በኋላም ወንዶቹ ሁለቱ በፈረስ ወደ ዛምቤዚ ወንዝ ሲያልፉ ሜሪ ከልጆቿ ጋር በሰፈሩ ቀረች። አራተኛው በሕይወት የቀረ ልጅ ዊልያም ኦዝዌል ሴፕቴምበር 15 ቀን 1851 በመልስ ጉዞ፣ ዛሬ ቦቴቲ በሚባለው ወንዝ ዳር ተወለደ።

እነዚህን ሁለት ጉዞዎች ብዙዎች የሊቪንግስተን ጭካኔ ማስረጃ አድርገው ያነሧቸዋል። ወቀሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው መለያየት ለሜሪ የከፋ ሆነ። በሠረገላው ላይ እንኳ የራሷ እሳት፣ የራሷ ድስትና የምታዝበት ቤት ነበራት።

ሊቪንግስተን ልጆቹን ወባ በሚገድልበት አገር ይዞ መዞር እንደማይቻል ያመነው ከዚህ በኋላ ነው። የልጆቹም የትምህርት ጊዜ ደርሶ ነበር። በማርች 1852 ኬፕ ታውን ወረዱ፤ የለበሱት ልብስ በከተማ የሚያስወጣ ስላልነበረ ኦዝዌል ከዝሆን ጥርስ ሽያጭ ባገኘው ገንዘብ አለበሳቸው። ኤፕሪል 23 ቀን ሜሪ የስድስት፣ የአራትና የሦስት ዓመት ልጆችን፣ የሰባት ወር ሕፃንም ይዛ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተጓዘች። ባልዋ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ እንደሚመጣ ነግሯት ነበር።

መርከቡ ከሄደ ጥቂት ወራት በኋላ የትራንስቫል ቦየሮች ሴቼሌን ወጉ፤ ብዙ ሴቶችና ሕፃናት ማርከው ወሰዱ። የኮሎቤንግ ቤት ተዘረፈ፤ መጻሕፍቱ ተቀዳደዱ፣ የመድኃኒቱ ጠርሙሶች ተሰባበሩ። ሊቪንግስተን በቦታው ስላልነበረ ተረፈ። ስለዚህ ቤት የሚጻፈው ሁሉ በሊቪንግስተንና በቦየሮች ጠብ ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ ሜሪ የምትመለስበት ብቸኛው የራሷ ቤት በዚያ ቀን መጥፋቱን ልብ የሚል የለም።

የብሪታንያው ኑሮ ከመጀመሪያውም ሳይቃና ቀረ። ሜሪ የባልዋ ወላጆች ወደሚኖሩበት በስኮትላንድ ወደምትገኘው ሃሚልተን ሄደች። አማቷ ኒል ሊቪንግስተን በሃይማኖቱ ጥብቅ ሰው፣ ቤቱም ጠባብ ነበር። ወራት ሳይቆይ ተጣሉ። ሜሪ ልጆቿን ይዛ ወጣች፤ አያቶቹም ደብዳቤ እንዳይጽፉላት ከለከለች። ኒል ሊቪንግስተን የልጅ ልጆቹን ደኅንነት ለመጠየቅ ለሚስዮናውያን ማኅበር ለመጻፍ ተገደደ። ከዚያ በኋላ የአድራሻዋ ዝርዝር ራሱ ታሪክ ነው፤ ለንደን ውስጥ ሃክኒ፣ ማንቸስተር፣ ኬንዳል፣ ኤፕሰም። በአንዳንዱ ኪራይ፣ በአንዳንዱ በወዳጆች ቤት። ኬንዳል ላይ ብሬዝዌይት የተባሉ የክዌከር ቤተሰብ በደግነት ተቀብለዋታል፤ በእነዚያ ዓመታት ጥቂት ዕረፍት ያገኘችው በዚያ ይመስላል።

ኑሮዋ በማኅበሩ አበል ላይ የቆመ ነበር፤ አበሉም ለአራት ልጆች አይበቃም። ተጨማሪ ገንዘብ ለመለመን ለማኅበሩ ጸሐፊ ደጋግማ ጻፈች። የተሰጣት ሁሉ እንደ ርዳታ የሚቈጠር፣ ምክንያቱ መገለጽ ያለበት ነበር። እዚህ ላይ ከኮሎቤንግ ጋር ያለውን ልዩነት ማስተዋል ይገባል። በኮሎቤንግ ገንዘብ ባይኖርም ቤቱ የቆመው በእርስዋ ሙያ ነበር። ኩይሳ ፈልፍሎ ዳቦ መጋገር፣ ከአመድ ሳሙና ማፍላት፣ በሴትስዋና ሰማንያ ሕፃናት ማስተማር በብሪታንያ ከተሞች ዋጋ አልነበራቸውም፤ ዳቦውም ሻማውም ከሱቅ በገንዘብ የሚገዛ ነው። ከሠላሳ ዓመት ዕድሜዋ በዚያ አገር የኖረችው ከወላጆቿ ጋር የሄደችባቸውን ጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር። ሰው አገሯ እንደ ገባች ቈጠራት እንጂ፣ እርስዋ ከአገሯ ወጥታ ነበር። ጤናዋ ታወከ፤ የልብ ጭንቀቷ ለወዳጆቿ የሚታይ ሆነ።

ሁለቱ ዓመት በ1854 ጸደይ ተፈጸመ። ሊቪንግስተን በአጋጣሚ በዚያው ሰሞን፣ ሜይ 31 ቀን 1854፣ በአትላንቲክ ጠረፍ ላይ ያለችውን ሉዋንዳን ደርሶ ነበር፤ በወባ ተጐድቶ፣ ከሚስቱ ደብዳቤ አገኛለሁ ብሎ ያሰበውንም ሳያገኝ። በወደቡ የነበሩት የእንግሊዝ መርከቦች ወደ አገሩ ሊወስዱት ፈቀዱ። እርሱ ግን ተከትለውት የመጡትን ሃያ ሰባት የማኮሎሎ ሰዎች ወደ አገራቸው እመልሳችኋለሁ ብሎ ቃል ስለገባ ወደ መሀል አህጉር ተመለሰ። ይህ ውሳኔ በሕይወት ታሪኮቹ ሁሉ የታማኝነቱ ከፍተኛ ምልክት ሆኖ ይጠቀሳል፤ ለማኮሎሎዎቹ ታማኝነት መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን በእጁ ሁለት ቃል ኪዳኖች ነበሩ፤ አንዱን የጠበቀው ሌላውን በማፍረስ ነው። የሁለተኛው ዋጋ የተከፈለው በኪራይ ቤቶች ውስጥ፣ ተጨማሪ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ነው። አባቱ ኒልም ልጁን ሳያይ በ1856 መጀመሪያ ሞተ።

ሊቪንግስተን በዲሴምበር 1856 ሲመጣ ሜሪ ሳውዝሃምፕተን ወደብ ትጠብቀው ነበር፤ መርከቡ በመንገድ ተበላሽቶ እርሱ በፈረንሳይ በኩል ስለገባ እዚያም ላይ ጥቂት ጠበቀች። በቀናት ውስጥ ክብሩ ጀመረ። ሎርድ ሻፍትስበሪ በሚስዮናውያን ማኅበር ጉባኤ ላይ ሜሪን ስለ ትዕግሥቷ በአደባባይ አመሰገናት፤ ጉባኤውም አጨበጨበ። ገንዘብ በጠየቀች ጊዜ ምክንያት ያስጻፋትም ይኸው ማኅበር ነው። ቀጥሎ የመጣው ዓመት ግን ምናልባት የትዳሩ መልካም ዓመት ነበር። ሊቪንግስተን ለንደንና አካባቢዋ በኪራይ ቤት ተቀምጦ፣ ልጆቹ በዙሪያው ሲጫወቱ የጉዞውን መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ በኖቬምበር 1857 ታትሞ እጅግ ብዙ ቅጂ ተሸጠ፤ የገንዘብ ጭንቀቱም ተቃለለ።

በማርች 1858 ሊቪንግስተን በመንግሥት የተላከ የዛምቤዚ ጓድ መሪ ሆኖ ሲነሣ ሜሪ አብራው እንድትሄድ ተወሰነ። ሦስቱ ትልልቅ ልጆች በሃሚልተን ቀሩ፤ ትንሹ ኦዝዌል ተከተላቸው። በመርከብ ላይ ሳሉ ሜሪ እርጉዝ መሆኗ ታወቀ። ኬፕ ታውን ላይ ከወላጆቿ ጋር ወረደች፤ ባልዋ ጉዞውን ቀጠለ። በመርከቡ ላይ ተፈታታ የተጫነችው፣ በዛምቤዚ አፍ ላይ የተገጣጠመችው ትንሽ የወንዝ ጀልባ «ማ-ሮበርት» ትባል ነበር። እንግዲህ ማ-ሮበርት የተባለችው ጀልባ ወንዙን ስትወጣ፣ ማ-ሮበርት የተባለችው ሴት በደረቅ ወደብ ቀርታለች። ጀልባዪቱ ደካማ ነበረች፤ ብዙ እንጨት ትጨርሳለች፣ ጥቂት ትጓዛለች፣ ውኃም ታስገባለች። የጓዱ ሰዎች አስማቲኳ እያሉ ይሳለቁባት ነበር። በዲሴምበር 1860 አሸዋ ላይ ተቀምጣ ሰጠመች።

አና ሜሪ በኖቬምበር 1858 ኩሩማን ተወለደች፤ አባቷ መወለዷን የሰማው አንድ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ሜሪ በወላጆቿ ቤት ልትቆይ ትችል ነበር፤ ሦስቱ ልጆች ግን በስኮትላንድ ነበሩ። በ1859 ወደዚያው ተመለሰች፤ የቀደመውም ኑሮ ተደገመ። ልጁ ሮበርት ትምህርቱን የሚጠላ፣ ለማንም የማይታዘዝ ወጣት እየሆነ ነበር። እምነቷ ተናወጠ፤ ባልዋ የሚስዮናዊ ስም ያለው ሰው በመሆኑ ይህን ለብዙ ሰው መናገር አትችልም። በእነዚህ ዓመታት አልኮል ትጠጣ እንደ ነበር በኋላ በዛምቤዚ ያገኟት ሰዎች በግል ማስታወሻቸው ጽፈዋል። ማስታወሻዎቹን መካድ አይቻልም፤ ይሁን እንጂ ጸሐፊዎቹ ያዩት የመጨረሻዎቹን ወራት ብቻ ነው፤ ከኮሎቤንግ ማንም አላየም።

በ1861 ሜሪ ወደ ባልዋ ለመሄድ ወሰነች። በዚህ ትዳር ውስጥ ወደ ባል መሄድ ልጆችን መተው፣ ከልጆች ጋር መሆን ባልን መተው ነበርና፣ አሁን ሁለተኛውን ትታ የመጀመሪያውን መረጠች። የሁለት ዓመት ተኩሏን አና ሜሪን እንኳ ትታ ሄደች። ከወጣቱ ሚስዮናዊ ጄምስ ስቱዋርት ጋር ስለተጓዘች ሐሜት ተነሣባት፤ ሐሜቱ ከመርከቡ ቀድሞ ዛምቤዚ የደረሰ ያህል ነበር። በጃንዋሪ 1862 መጨረሻ ጎርገን በተባለው የጦር መርከብ ከወንዙ አፍ ደረሱ። የአዲስ ጀልባ ክፍሎችን ወደ ላይ የማጓጓዙ ሥራ ስለተጓተተ በወባው ቈላ ሳምንታት አለፉ። በኤፕሪል ወባ ያዛት። ኪኒን አልበጃትም። በዚያው ወር 27ኛ ቀን በሹፓንጋ ሞተች፤ አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። በትልቅ የባኦባብ ዛፍ ሥር ተቀበረች። ሊቪንግስተን ብዙ ሰው ሲሞት ያየ ሐኪም ቢሆንም በዚያ ሌሊት እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ በማስታወሻውም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞትን እንደ ተመኘ ገለጸ።

ትዳሩ ዐሥራ ሰባት ዓመት ከሦስት ወር ቆይቶአል። ሁለቱ ረጃጅም መለያየቶች፣ ከ1852 እስከ 1856ና ከ1858 እስከ 1862፣ ሲደመሩ ስምንት ዓመት ከአራት ወር ያህል ይሆናሉ። የንጋሚው፣ የቾኑዋኔውና የቾቤው መለያየት ሲታከልበት ከግማሹ ዕድሜ ብዙም አይርቅም።

ሊቪንግስተን አና ሜሪን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት በ1864 ሃሚልተን ሲመለስ ነው፤ አምስት ዓመት አልፏት ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ በኒውስቴድ አቢ ተቀምጦ ስለ ዛምቤዚ የሚናገረውን መጽሐፍ ሲጽፍ ልጁ አግነስ ከጎኑ ሆና ጽሑፉን ትገለብጥለት ነበር። ሮበርት አባቱን ፍለጋ እስከ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ በኋላ አሜሪካ ገብቶ፣ ሩፐርት ቪንሰንት በሚል ስም በሰሜን አሜሪካ ጦር ተመዘገበ። በዲሴምበር 1864 በሰሜን ካሮላይና ሳልዝበሪ የምርኮኞች ሰፈር ውስጥ ሞተ፤ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። በ1865 ሊቪንግስተን እንደገና ወደ አፍሪካ ሄደ፤ አልተመለሰም።